ከጅዳ የተላከው ፓፍ

ጅዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ፈይዛ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ይባርከው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የምማረርበት የለኝም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ኢንተርኔቱ እናንተ ዘንድ ከተቋረጠ ወዲህ መልክሽን አላየሁም። የአንቺም ስልክ ሐይቅ ውስጥ ከወደቀ ጀምሮ የምደውለው ወደ አጎትሽ ወደ አብዱልሃኪም ሱቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስኳር ገዢውም ጀልባ አሠሪውም ጆሮውን አቁሞ ያዳምጠናል። ባለፈው ስንነጋገር ከቃልሽ ይልቅ የሰማሁት ትንፋሽሽን ነው፤ ሲር ሲር ይል ነበር። ጀልባ መቀባቱን ተይው ብልሽ እንደማትሰሚኝ ዐውቃለሁ። እንኪያስ ቢያንስ ደረትሽን አስታምሚ።

ወደ አገር ቤት በሚመላለሰው በሙኽታር እጅ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ልኬልሻለሁ፤ ፓፍ የምትሉትን። የማስታምማቸው እመቤት ለዓመታት የተነፈሱት በእሱ ነው። ጠዋትና ማታ ሳቢው። ሲያልቅብሽ ሌላ እልካለሁ።

እናትሽ በሳንባ ታማ ስትሞት አጠገቧ አልነበርሁም። የአክስቴ ልጅ ብትሆንም እኅቴ ነበረች። አንቺ ደግሞ በደረትሽ በኩል እንድታመልጪኝ አልፈቅድም። ከእመቤቲቱ ልጅ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ፓስፖርትሽን አውጪና የጤና ምርመራውን ጨርሺ። ደጋግሜ ጠይቄሽ ደጋግመሽ ዝም አልሽኝ። አሁንስ መልሺልኝ።

አላህ ያገናኘን።
አክስትሽ ራሂማ


ከሐሙሲት በታች፣ ጣና ዳር፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ ራሂማ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለልብዎ ዕረፍት ይስጥልኝ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ አጎቴ ጀልባ የሚሠሩበት ዳስ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። እንግዳው ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚያድረው ይላሉ።

የላኩልኝ ደረሰኝ። ምን ልበልዎ! ሰው አየርን እንዲህ እስኪጠግብ መሳብ እንደሚችል ረስቼው ኖሮአል። የቀለሙና የቲነሩ ሽታ እንደ ቀድሞው አያፍነኝም። ትናንት አንድ ትልቅ ጀልባ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ብቻዬን ቀብቼ ጨረስሁ። ጎኑ ላይ ባለቤቱ የልጆቹን ስም ሁሉ አስጻፈኝ፤ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ ቦታ አልበቃ ብሎ ታናሹን ልጅ መቅዘፊያው ላይ ጻፍሁት። ሌላ ፓፍ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ፓስፖርቱ ጠይቀውኛል። እኔ አልመጣም፣ እትዬ። የሰው ቤት ወለል ለመወልወል ባሕር የምሻገር ሴት አይደለሁም። እዚህ ሥራ አለኝ። ምክንያት ጨምሪ ካሉኝ፣ አልፈልግም የሚለው ይብቃኝ።

ሰላምዎ ይብዛ።
ፈይዛ


ጅዳ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈይዛ፤

አላህ ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ። ሙኽታር በስልኩ ያነሣሽን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ማሻአላህ! ጉንጭሽ ሞልቶ፣ ፊትሽ ክብ ሆኖ ጨረቃ መስለሻል። ያቺ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ልጅ የት ሄደች? እመቤቲቱንም አሳየኋቸው፤ «መድኃኒቴ ነው ያማረባት» ብለው ሳቁ። እነሆ ሌላ ፓፍ ልኬያለሁ፤ ለአፍንጫሽም የሚረጭ ጨምሬበታለሁ።

የጻፍሽልኝ አንድ ቃል ግን አልተዋጠልኝም። የሰው ቤት ወለል የምወለውለው እኔ ነኝ። በዚያ ወለል የወላጆቼ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ሥራዬን እንድትወጂልኝ አልለምንሽም፤ አታዋርጂው እንጂ።

አሁን እንዲህ አምሮብሽ ሳለ የሐኪሙን ምርመራ ምን አስፈራሽ? ደም ሰጥቶ መምጣት ነው። ወይስ የደበቅሽኝ ነገር አለ? እጮኛ ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።

ወሰላም።
አክስትሽ ራሂማ


ጣና ዳር፣ የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ ራሂማ፤

አላህ የድካምዎን ዋጋ በሁለት ዓለም ይክፈልዎ። ስለ ወለሉ ያልሁትን መልሼ ውጬዋለሁ፤ የእርስዎን ላብ የናቅሁ መስሎ ከተሰማዎ ምላሴ ይቀጣ። ልቤ ግን አልናቀም።

እጮኛ የለኝም። ፎቶግራፉ ላይ ያዩትም ፊት የደስታ ፊት አይደለም። ፊቴና ሆዴ ሲነፋ እጄና እግሬ ሟሸሸ። ሆዴ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ወጣ። ትንሽ ነገር ሲነካኝ ይበልዛል። ጀልባ ሥር ቁጢጥ ብዬ ቆይቼ ልነሣ ስል ጭኔ አልሸከም ይለኛል፤ ጠርዙን ይዤ እየተንጠለጠልሁ ነው የምነሣ። ሱምያ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ሆዴን አይታ «የማን ነው?» አለችኝ። «የጣና ነው» አልኋት።

ባሕር ዳር ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከታተሉኝ ሐኪም አሉ፤ ዶክተር ቃለ ሕይወት ይባላሉ። ከበሩ ስገባ አይተውኝ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ከእኔ ሌላ ማን መድኃኒት ሰጠሽ?»

«ማንም።»

«የሚቀባስ? የሚሳብስ? አፍንጫ ውስጥ የሚረጭስ? ጉልበት ወይም ትከሻ ላይ የተወጋሽው መርፌስ?»

ያን ጊዜ ፓፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መድኃኒት ነው ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ለእኔ የእርስዎ ስጦታ ነው። እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ በውስጡ ያለው ስቴሮይድ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት ነው። ለእመቤትዎ ደግ ነው፤ ደረታቸው ላይ ሥራውን ይሠራል፣ ወደ ደም ያለፈውን ጉበታቸው ያጠፋዋል። እኔ ግን በየቀኑ የምወስደው ሌላ መድኃኒት አለ። እሱ ጉበቴን እጁን ይይዘዋል፤ ፓፉ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። ስለዚህ እየተጠራቀመ ሰውነቴን አጥለቀለቀው። እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ሰውነት ራሱም ያመርታል አሉኝ፤ የእኔው ግን ከውጭ ሲትረፈረፍለት ማምረቱን ትቶ ተኛ።

ፓፉንም የአፍንጫውንም ወሰዱብኝ። ከመድኃኒቴ ጋር የማይጣላ ሌላ የሚሳብ ሰጡኝ፤ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ጠባዩ ግን ይለያል። የተኛው ሰውነቴ እስኪነቃ ድረስ ደግሞ ከዚያው ወገን የሆነ ክኒን አዘዙልኝ፤ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሊያስተዉኝ ነው። «ይኼን በገዛ እጅሽ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ። ቢያስመልስሽ፣ ቢያተኩስሽ ፈጥነሽ ነይ» ብለው አስጠነቀቁኝ። እስክድን የዘንድሮ ረመዳን ጾምም ይቀርብኛል።

በየቀኑ የምትወስጅው ሌላው መድኃኒት ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ለዛሬ አይጠይቁኝ።

ፈይዛ


ጅዳ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈይዛ፤

ረመዳን ሙባረክ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። በገዛ እጄ መርዝ ላክሁልሽ ማለት ነው? ደብዳቤ እስኪደርስ አላስችል አለኝና ለአብዱልሃኪም ደወልሁ። «ያሳበጣት ነገር ስቴሮይድ ነው ይላሉ፤ እሱኑ በክኒን መልሰው እየሰጧት ነው። ይኼ ምን ሕክምና ነው? ውሰድባት!» አልሁት። እሺ አለኝ።

ያ ሌላው መድኃኒት ምን እንደሆነም ጠየቅሁት። ስልኩ ተቋረጠ አለ። ስልኩ ግን አልተቋረጠም፤ ሲተነፍስ እሰማው ነበር።

ንገሪኝ።
አክስትሽ ራሂማ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ ራሂማ፤

አላህ ጸሎትዎን ይቀበልልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው። አሁን ተቀምጬ መጻፍ እችላለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ። ተቀምጠው ያንብቡ።

አጎቴ እርስዎ እንዳዘዟቸው አደረጉ። እኔ ዳሱ ውስጥ እየቀባሁ ሳለ ቤት ገብተው ክኒኑን ወስደው ሐይቅ ውስጥ ጣሉት። ስሰማ ጮኽሁ። «ያሳበጠሽን መርዝ ደግመሽ ስትውጭ ቆሜ ልይ?» አሉኝ። ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ክፋት አልነበረባቸውም። እኔም ሌላ ላመጣ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ተነሣሁ። ሐሙሲት ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል፣ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም አሉኝ። በሰው ስልክ ለዶክተሩ ብደውል አይገባም። በእግሬ እንዳልሄድ እግሬ ከድቶኛል።

በማግሥቱ አተኮሰኝ። ያስመልሰኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ውኃ እንኳ የማይረጋልኝ ሆንሁ፤ ጣሪያው ይሽከረከራል፣ ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። አጎቴ ይኼን ሲያዩ መንገድ አልጠበቁም። ቀለሙ ያልደረቀ የሰው ጀልባ ሐይቅ ላይ ገፍተው አስገቡና አስተኙኝ፤ ሞተሩን ራሳቸው ይዘው፣ ጾመኛ እንደሆኑ፣ ፀሐይ እያቃጠላቸው ባሕር ዳር አደረሱኝ። የቀሚሴ ጀርባ እስከ አሁን ሰማያዊ ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ሰው በሰው ነበር። ግማሹ አጎቴን የሚያውቃቸው ነው፤ ጣውላ ሻጩ፣ ዓሣ ነጋዴዎቹ፣ ከመስጊድ የሚያውቋቸው ሽማግሌ። ዶክተር ቃለ ሕይወት አልነበሩም። አንድ ወጣት ሐኪም ክንዴን ይዞ የደም ግፊቴን ለካና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ታማ ነበር?»

«አስም አለባት» አሉ አጎቴ።

«ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

አጎቴ ዙሪያቸውን አዩ። «ምንም የለም» አሉ። ይኼን ሲሉ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። ጭብጡን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ፤ ዝም በይ ማለት ነው።

ከሰውነቴ የሚታዘዘኝ ምላሴ ብቻ ነበር። ዝም ብል ሐኪሙ አስም ሲያክም እኔ እሞታለሁ። ያለችኝን ትንፋሽ ሰብስቤ ጮኽሁ፦ «ኤችአይቪ አለብኝ! ከተወለድሁ ጀምሮ! የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ! የስቴሮይድ ክኒን እወስድ ነበር፣ ድንገት ተቋረጠብኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሐኪሙ ግን ነርሷን እየጠራ ሮጠ። ደም ሥሬ ውስጥ መርፌ ሰጡኝ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ጥቂት ቆይቶ ጣሪያው ቦታውን ያዘ። ሐኪሙን ምን ወጋኸኝ አልሁት። «ያው ስቴሮይድ ነዋ» አለኝ። ያሳበጠኝ ራሱ ነው ያተረፈኝ፣ እትዬ። ሲበዛ ገዳይ፣ ሲጎድልም ገዳይ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሲሰፍረው መድኃኒት ነው።

እንግዲህ የጠየቁኝ ይኼው። እናቴ የሞተችው በሳንባ አይደለም። አጎቴ የቤቱ ስም እንዳይነሣ ሁላችንንም አስምለውን ነበር። ለቪዛው የሚመረመረው ደሜ ይኼ ነው፤ ለዚህ ነው ዝም ያልሁዎ። መድኃኒቴን በሥርዓት ስለምወስድ ቫይረሱ በምርመራ እንኳ አይታይም። ሠርቼ እበላለሁ። ማንንም አልበከልሁም፣ ማንንም አልበደልሁም። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አጣሁ።

ፈይዛ


ጅዳ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈይዛ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድሁት። በዚህ ቤት የተጣለ ወረቀትም አንባቢ አያጣም። የእኔ እንጀራ በሰው እጅ ነው። ያን ቃል ዳግመኛ አትጻፊልኝ። የቪዛው ነገር ቀርቷል። በመዳንሽ አላህን አመሰግናለሁ።

ራሂማ


ጣና ዳር፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ ራሂማ፤

ዒድ ሙባረክ። አላህ ዓመት ከዓመት ያድርስዎ።

ጥቂት መስመር ጽፈው ላኩልኝ፤ «አክስትሽ» የምትለዋ ቃል ጎደለችበት። ቆጥሬ ሳይሆን ፈልጌ አጣኋት።

ያን ቃል አትጻፊ አሉኝ። እጽፈዋለሁ። ኤችአይቪ። ይኼንንም ይቅደዱት፤ ሌላ እጽፋለሁ። ቃሉን ደብቀን ስንኖር ምን እንዳገኘን አይተዋል። ፓፉን ሲልኩልኝ ሐኪሜን ጠይቄ በዚያው በሱቁ ስልክ «እትዬ፣ ይኼ ለእኔ አይሆንም» ብዬ ልመልስዎ እችል ነበር፤ ምን እንደምወስድ ለማንም ለመናገር ያልተፈቀደልኝ ልጅ ስለነበርሁ መጠየቅም አልለመድሁም። አሁን ለምጃለሁ። ባለፈው ትከሻዬን ሲያመኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ ሐኪሙ መርፌ ሊወጋኝ ሲያዘጋጅ «ምን ዓይነት ነው? ኤችአይቪ አለብኝ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ላይ ነኝ» አልሁት። መርፌውን አስቀመጠው። ከዚያው ከስቴሮይድ ወገን ነበር። ዶክተር ቃለ ሕይወትን ሳይጠይቅ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ፤ አመስግኜው ወጣሁ።

እዚህ ቀላል ነው አልልዎም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ነው ከሆስፒታል የተመለሰ። ሱምያ ለብቻዬ ኩባያ ለየችልኝ። ኩባያዋን ተቀብዬ ቀለም በጠበጥሁባት፤ ሻዬን በሌላው ጠጣሁ። ዐይኔን አየችኝ፣ ዐይኗን አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልለየችም።

አንድ ጀልባ አሠሪ ደግሞ ወደ አጎቴ መጥቶ «ያቺ ልጅ እንዳትቀባልኝ፤ ሌላ ቀቢ ፈልግ» አለ። እኔ ከጀልባው ወዲያ ማዶ ነበርሁ፤ እንደምሰማ ያውቃል። አጎቴ ምስማር ነክሰው ነበር። ምስማሩን ከአፋቸው አወጡና፦

«የእኔ ጀልባ ቀቢ አንድ ናት» አሉት።

«እንዲያ ከሆነ ሳይቀባ ይቅር።»

«ይቅር። ሳይቀባ ውሰደው። ውኃ ሲጠጣ እኔን እንዳትጠራኝ።»

ሰውየው ወጥቶ ሄደ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው አላዩም፤ ምስማሩን መልሰው ነክሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከባሕር ዳር ከተመለስን ጀምሮ ሐኪሙ ፊት ስላሉትም ስለጣሉትም ክኒን አንድ ቃል አልተናገሩም። ለእኔ ግን ይኼ በቃኝ።

ፊቴ እየጎደለ ነው። ክኒኑም ሊያልቅልኝ ነው፤ ዶክተሩ ሰውነትሽ እየነቃ ነው ይላሉ። አስሜንም በአዲሱ ፓፍ ይዤዋለሁ። ከእርስዎ መድኃኒትም ቪዛም አልፈልግም። የምፈልገውን ያውቁታል።

ፈይዛ


ጅዳ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈይዛ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የላከሽ ጌታ ይጠብቅሽ፣ ያጸናሽ፣ ከምላሽሽም ኃይል ለእኔ ያካፍለኝ።

ይኼኛውን ደብዳቤ አልቀደድሁም። ብዙ ቀን በጉያዬ ይዤው ዞርሁ። ስጠርግ እዚያ ነው፣ ስሰግድ እዚያ ነው። መጀመሪያ አንቺን ተቆጣሁ። ቀጥሎ አብዱልሃኪምን ተቆጣሁ፤ ደውዬም ልኩን ነገርሁት፣ ሱቁ ሙሉ ሰው ይስማ አልሁት። ከዚያ በኋላ ለእናትሽ አለቀስሁላት። የሞተችበትን ሳላውቅ ያለቀስሁላት ልቅሶ እንደ ሐሰት ተቆጠረብኝና እንደ አዲስ አለቀስሁ። እመቤቲቱ «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «እኅቴ» አልኋቸው። «መቼ?» አሉኝ። «ትናንት» አልኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ለእመቤቲቱ መድኃኒት ላመጣ ወደ ፋርማሲ ሄድሁ። የከሰዓቱ ዐስር ሶላት እንዳበቃ ስለነበር ሰው ተሰልፏል። ከኋላዬ የአገራችን ሴቶች አሉ፤ የቤቱ ሾፌር ደግሞ ሊያደርሰኝ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ተራዬ ሲደርስ ያዘዙኝን ተቀበልሁና ልወጣ ዞርሁ። እግሬ አልሄድ አለኝ። ተመልሼ በዐረብኛዬ፦

«ሌላም ጥያቄ አለኝ። ልጄ አስም አለባት። ኤችአይቪም አለባት። ከመድኃኒቷ ጋር የሚጣላው የትኛው ፓፍ ነው? የማይጣላውስ?» አልሁት።

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ባለፋርማሲው ግራ ቀኙን አየና በመደርደሪያው ላይ ወደ እኔ አጎንብሶ እንደ ሌባ ያንሾካሹክልኝ ጀመር።

«ለምን ታንሾካሹካለህ?» አልሁት።

«ሰው ይሰማሻል፣ እማማ።»

«ልጄ አልሰረቀች። ድምፅህን አትቀንስ» አልሁት።

ቀና አለና በሙሉ ድምፁ አስረዳኝ። የምትወስጅውን መድኃኒት ስም ጠየቀኝ፤ አላውቀውም አልሁት። «እንግዲያ የእሷን ሐኪም ሳትጠይቂ ምንም አትላኪ፤ የሚቀባም ቢሆን» አለኝ። ስለዚህ በሙኽታር እጅ ከሻሽ በቀር የላክሁልሽ የለም። የመድኃኒትሽን ስም በትልልቁ ጻፊልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስንወጣ ሾፌሩ እስከ ቤት በመስተዋቱ እያየኝ ነዳ። ለእመቤቲቱ ልጆች ሳይነግር አይቀርም።

ይንገር።

እናትሽ ራሂማ